አውራ ጣት የምታህል ቅድ

የሰው ልጅ ትልቁን ጉዳት ሲያይ ይደነግጣል፤ ጎረቤቱን ይጠራል፤ መላም ይፈልጋል። ትንሹን ጉዳት ግን አይቶ እንዳላየ ሆኖ ያልፈዋል። ቤት ሲቃጠል ውሃ ይዞ የማይሮጥ የለም፤ በጣራው ላይ የላላችውን አንዲት ምስማር ለመምታት መሰላል የሚያቆም ግን ጥቂት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህን ጠባያችንን መርምረው ይመስለናል። እኛም ይህን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ለተማሪዎቻችንም ብዙ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈነዋል። ነገር ግን ማወቅና መፈጸም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳነው በሐይቅ ውሃ ላይ፥ በአንዲት ጀልባ መቀመጫ ምክንያት ነው። ነገሩ ትንሽ ነው፤ የሚያሳፍረውም እኛን ራሳችንን ነው። ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ ላሉ ሠራተኞች፥ ለመምህራንና ለተማሪዎች ሳይጠቅም አይቀርም ብለን ስላሰብን እንደ ሆነው አድርገን እንጽፈዋለን።

እኛ ስንል ሁለት ነን። ሁለታችንም በደሴ ከተማ መምህራን ነን፤ አንዳችን አማርኛ፥ አንዳችን ኬሚስትሪ እናስተምራለን። በብዙ ነገር ስለማንስማማ ባልንጀርነታችን ጸንቶ ኖሮአል። በዚህ ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተስማምተን ስለ በደልን «እኔ» ብሎ ለብቻው መጻፍ ለአንዳችንም አልተቻለም።

በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ማለዳ ከደሴ ተነሥተን በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን ወረድን። የሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከተማዪቱም ሐይቅ፥ ውሃውም ሐይቅ ይባላልና ውሃውን ለይቶ መጥራት የፈለገ ሰው ሐይቅ ሐይቅ ለማለት ይገደዳል። ውሃው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል የተኛ ነው፤ ጥልቀቱም በመካከሉ ከ80 ሜትር ያልፋል። ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የተቀበለውን ሁሉ ይዞ፥ ለፀሐይና ለነፋስ ብቻ እየሰጠ የሚኖር ውሃ ነው። በስተ ሰሜን የአምባሰል ተራሮች ይታያሉ። ከዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ በዚያ አገር ስም መጠራቱን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚህ ውሃ ውስጥ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ቦታው ጥንት ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ስለ ተያያዘ በእግር ይደረስበታል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን ካቀኑት በኋላ የትምህርትና የመጻሕፍት አገር ሆነ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ ተምረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1280 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የተጻፈበት ዘመን ተለይቶ ከሚታወቁት የብራና መጻሕፍታችን መካከል እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። በ1520ዎቹ ኢትዮጵያን የጎበኘው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ስለዚህ ሐይቅና ስለ ገዳሙ ጽፎአል።

ጀልባ የተከራየነው ገዳሙን ከውሃ በኩል ለማየት ነበር። ጀልባዪቱ የአንድ ሰው ንብረት አልነበረችም፤ ጥቂት ወጣቶች ገንዘባቸውን አዋጥተው የገዙአትና ተራ እየገቡ የሚሠሩባት ናት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ደሴና እስከ ሐይቅ ከደረሰ ወዲህ ጎብኚ እንደ ልብ እንደማይመጣ፥ በመጣ ጊዜም ለአምስት ሰው በተሠሩት መቀመጫዎች ላይ የሚገኘው ገቢ ለስንት ቤት እንደሚከፋፈል ቀዛፊው ነገረን። ይህ ወጣት ዕድሜው ከሃያ ዓመት ብዙም አያልፍም። ከፊት ለፊቱ ታናሽ ወንድሙ፥ አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ፥ ወደ ጀልባዪቱ የሚገባውን ውሃ በጣሳ እየቀዳ ያፈስስ ነበር።

እየቀዘፈ የአገሩን ተረት አጫወተን። በዚህ ስፍራ ጥንት ውሃ አልነበረም ይላሉ። አንዲት የንጉሥ ልጅ አንዲትን ነፍሰ ጡር ሴት በደለቻት። እግዚአብሔርም ስለ ነፍሰ ጡሪቱ ተቈጥቶ ምድሪቱን ወደ ውሃ ለወጣት፤ በዳዪቱም ከነጓደኞችዋ ሰጠመች። የተበደለችው ሴት ተቀምጣበት የነበረው ቦታ ብቻ ሳይሰጥም ቀረ፤ ደሴቱም እርሱ ሆነ። ይህን ሲነግረን ተደስተን ሰማነው፤ አንዳችንም ለክፍል ትምህርት እንዲሆን በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈው። መቀመጫ የሚለው ቃል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚከብደን አላወቅንም።

የምሳ ቦርሳችን የጋራ ነበረ። እንጀራውንና ውሃውን ለማውጣት ስንነሣ አንዳችን ገፋነው፥ አንዳችን ሳብነው። የቦርሳው የብረት መቆለፊያ በመቀመጫው ላይ ተጐተተና ጭር የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎንበስ ብለን ስናይ በሰማያዊው መቀመጫ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቅድ ተከፍታለች፤ በውስጥዋም ቢጫው ስፖንጅ ይታያል።

ቀዛፊው ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ነበር። ታናሽ ወንድሙም ጣሳውን እያጠለቀ ነበር። እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። አንዳችን የጋቢውን ጫፍ አነሣና ቅድዋ ላይ ጣል አደረገው፤ ሌላችን ዝም አለ። ጋቢ የጣለው ይበልጥ በደለ ወይስ ዝም ያለው የሚለውን ክርክር እስከ ዛሬ አልጨረስነውም።

በዚያች ሰዓት በልባችን ያሰብነውን ለመደበቅ አንፈልግም። መቀመጫው አሮጌ ነው፥ ዛሬ ባንቀድደው ነገ ራሱ ይቀደዳል አልን። ብንናገር ቀኑ ይበላሻል አልን። ደግሞም እያንዳንዳችን ባልንጀራዬ ይናገራል ብለን ጠበቅን። ሰው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ኅሊናው የሚጠይቀው እርሱን ብቻ ነው፤ ሁለት ሲሆን ግን ጥያቄውን አንዱ ለሌላው ሊተውለት ይችላል። ከጀልባዪቱ ስንወርድ ከኪራዩ በላይ ጥሩ ጉርሻ ጨመርን። ወጣቱም መርቆ ሸኘን። ያን ምርቃት በገንዘብ ገዝተን መሄዳችንን እኛ ብቻ ነበር የምናውቀው።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን በትምህርት ቤት ውስጥ የአንድ መስኮት መስተዋት ተሰብሮ ተገኘ። ከአጠገቡ የሚቀመጠውን ተማሪ በጠየቅነው ጊዜ «መምህር፥ ቀድሞም የተሰነጠቀ ነበር» ሲል መለሰ። አንዳችን ስለ ሕዝብ ንብረት፥ ስለ እውነተኛነትና ስለ ኃላፊነት ረዘም ያለ ምክር መስጠት ጀመረ። በንግግሩም መካከል ሌላችንን በበሩ በኩል ቆሞ አየውና ቃሉ ጠፋበት። ልጁ የተናገረው በጀልባ ላይ በልባችን የተናገርነውን ነበር። በዚያ ቀን ማታ ራት ስንበላ ስለ መስተዋቱ አላነሣንም፤ ነገር ግን ቅዳሜ ወደ ሐይቅ እንሂድ ያለው አንዱ ሲሆን፥ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፥ አውራ ጣት የምታህለውን ቅድ አውራ ጣት አህላ አላገኘናትም። ስንዝር ሆና ጠበቀችን። ሰው በተቀመጠና በተነሣ ቁጥር አፍዋ እየሰፋ፥ ፀሐይም ጠርዝዋን እያደረቀና እያኰማተረ ሄዶ ነበር። ውሃ ወደ ስፖንጁ ገብቶ ስለ ከረመ መቀመጫው ሲጫኑት ያለቅሳል፤ ሽታውም የሻገተ ነው። ስለዚህ በዚያ መቀመጫ ላይ ሰው አይቀመጥም፤ ጀልባዪቱም ለአምስት ሰው ተሠርታ ለሦስት ትሠራለች።

ታናሽ ወንድሙን አጥተነው ወዴት ነው ብለን ጠየቅን። ወጣቱ መቅዘፊያውን እየጠረገ ነገሩን በአጭሩ ነገረን። በማኅበራቸው ደንብ ጉዳት በተገኘ ጊዜ ያን ዕለት በተራው የነበረ ሰው ይከፍላል። ቅድዋ የተገኘችው በእርሱ ተራ ስለ ነበር ከድርሻው በየጊዜው እየተቈረጠ ነው። እርሱም የውሃ መቅጃው ጣሳ ጠርዙ ስለት ስለ ሆነ ታናሽ ወንድሙ ነው የቀደደው ብሎ አመነ። ልጁ «እኔ አይደለሁም» አለ፤ ወንድሙም አላመነውም፤ በሰው ፊት ውሸታም ብሎ ሰደበው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ ወደ ውሃው ዳር አልመጣም፤ በቤትም ለወንድሙ መልስ አይሰጥም።

እኛ ያሰብነው የገንዘብ ዕዳ ይዘን መምጣታችንን ነበር። ለካስ ዕዳው ሌላ ኖሮአል። የመቀመጫዪቱ ቅድ ስንዝር ስትሆን የሁለቱ ወንድማማቾች ቅድ በምን እንደሚለካ አላወቅንም።

«እኛ ነን የቀደድነው፤ የቦርሳችን መቆለፊያ ነው። በጋቢ ሸፈንናት» አልነው።

ወጣቱ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ይቈጣ ይሆናል ብለን ነበር፤ ቢቈጣስ ይቀለን ነበር። እርሱ ግን ጐንበስ ብሎ ቅድዋን በጣቱ እየለካ «ጋሼ፥ ያን ቀን ብትነግሩኝ እኮ ከዚህች የማትበልጥ ቁራጭ ትበቃት ነበር» አለና የአውራ ጣቱን ጥፍር አሳየን። ሌላ አልተናገረም። በሕይወታችን ከሰማናቸው ወቀሳዎች ሁሉ አጭሩ ይህ ነው።

ወዲያውኑ ለመጠገን ተነሣን። ከደሴ ስንነሣ ሱፐር ግሉ የሚባለውን ማጣበቂያ ገዝተን ይዘን ነበርና በቅድዋ ጠርዝ ላይ አፍስሰን ሁለቱን ከንፈር አጋጥመን ያዝናቸው። በጥቂት ደቂቃ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ደስ ብሎን ወጣቱን ቁጭ በል አልነው። ሲቀመጥ ማጣበቂያው ቀጭ ብሎ ተሰበረና ጠርዙን ይዞት ስለ ተነሣ ቅድዋ ከፊተኛው ይልቅ ከፋች። ወጣቱ ፈገግ ብሎ ወደ ከተማ ወደ አንድ አዛውንት ጫማ ሰፊ መራን።

አዛውንቱ ከገበያው አጠገብ በሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያረጀ ጫማ ይሰፉ ነበር። ነገራችንን እስከ መጨረሻው ሰምተው በመጀመሪያ የጠየቁን ስለ መቀመጫው አልነበረም። «ልጁስ?» አሉ። ገና አላገኘነውም አልን። «እንግዲያስ ቀላሉን እናስቀድም፤ አብሽሩ» አሉና የመቀመጫውን ልባስ አውጥተን እንድናመጣላቸው አዘዙን።

ስናመጣላቸው እያገላበጡ አዩትና መርፌያቸውን ወደ ጎን አኖሩት። ለምን አይሰፉትም ብለን ጠየቅናቸው። «ይህ ቆዳ አይደለም» አሉ። «ቆዳ ሲወጋ ክሩን ጨብጦ ይይዛል። ይህ ግን የተወጋበት ሁሉ እንደ ተወጋ ይቀራል። ጠርዙን በመርፌ ብከበው፥ ነገ ሰው ሲቀመጥበት በመርፌው መንገድ ተከትሎ ይቀደዳል።» የፖስታ ቴምብር ከባልንጀራው የሚለየው በተደረደሩት ቀዳዳዎች መሆኑን አስበን ነገሩ ወዲያው ገባን።

በዚህ ጊዜ ከእኛ መካከል ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ዕውቀቱን ለመግለጽ ዕድል አገኘ። በገበያ ሌዘር ወይም ቪኒል የሚባለው ይህ ሰው ሠራሽ ቆዳ በባሕርይው ደረቅ ፕላስቲክ ነው። እንደ ቆዳ የሚተጣጠፈው ቅባት መሰል ማለስለሻ ስለሚቀላቀልበት ነው። ይህን ብልኃት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. ያገኘው ዋልዶ ሲመን የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፥ ሲፈልግ የነበረው ጎማን ከብረት ጋር የሚያያይዝ ማጣበቂያ ነበር። ፀሐይና ሙቀት ሲበዛበት ግን ማለስለሻው ቀስ በቀስ ይወጣና ፕላስቲኩ ወደ ቀድሞ ድርቀቱ ይመለሳል፤ ይኰማተራል፤ ይሰነጠቃል። ሐይቅን በመሰለ ከፍተኛ አገር ደግሞ የፀሐይ ጨረር ስለሚበረታ ነገሩ ይፈጥናል። ስለዚህ በሥራ ላይ ያልዋለ መቀመጫ በሸራ ቢሸፈን ዕድሜው ይረዝማል።

አዛውንቱ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው «ደግ ተናገርክ፤ አሁን ብርጭቆ ወረቀቱን አቀብለኝ» አሉት።

ሥራውን በገዛ እጃችን እንድንሠራው አደረጉን፤ እርሳቸው እያዩ ያርሙን ነበር። አንባቢያችን ምናልባት በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ወይም በመኪናው መቀመጫ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስበት ይጠቅመዋልና ቅደም ተከተሉን እንጻፈው።

በመጀመሪያ ስፖንጁን አውጥተን ውሃውን ጨምቀን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ዘረጋነው። እርጥበት በውስጡ ከቀረ ማጣበቂያው አይዝም፤ ሻጋታውም እንጨቱን ይበላዋል። ይህ ብቻ ሁለት ቀን ስለ ፈጀ በሚመጣው ቅዳሜ መመለስ ግድ ሆነብን። በሁለተኛው ቅዳሜ ልባሱን በሳሙና ውሃ አጥበን አደረቅነው፤ የተሰባበረውን ሱፐር ግሉም በምላጭ ቀርፈን ጣልነው።

ቀጥሎ አዛውንቱ በቅድዋ በሁለቱ ጫፍ ላይ በጋለ ወስፌ ትንንሽ ክብ ቀዳዳ አበጁ። የተቀደደውን ጨምረው መብሳታቸው አስገረመን። «ቅድ የሚያድገው በሹል ጫፉ ነው። ጫፉን ክብ ካደረግህበት የሚሄድበት መንገድ ያጣል» አሉን። ባልንጀራችንም የተሰነጠቀ ብረት የሚጠግኑ ሰዎች ስንጥቁ እንዳይቀጥል በጫፉ ላይ ክብ ቀዳዳ እንደሚበሱ አስታወሰ። ሊቁና ጫማ ሰፊው ባንድ በር ገቡ ማለት ነው።

ከዚያም ከሸራ ላይ፥ ከቅድዋ በየበኩሉ ሁለት ጣት የሚሰፋ መጣፊያ ቈረጥን፤ ማዕዘኑን ሁሉ ክብ አደረግነው፤ ሹል ማዕዘን ያለው መጣፊያ ከማዕዘኑ ይላጣልና። የልባሱን ውስጠኛ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን በአልኮል ወለወልነው። ማስቲሹን በሁለቱም ገጽ ላይ ስስ አድርገን ቀባን። ወዲያው ለማጋጠም ስንቸኩል አዛውንቱ እጃችንን ያዙ። ማስቲሽ እርጥብ ሳለ ቢጋጠም ይንሸራተታል፤ በጣት ሲነኩት ከጣት ጋር የማይመጣ እስኪሆን መጠበቅ አለበት። ከተጋጠመ በኋላ ግን ማረም አይቻልም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገጥመው። መጣፊያውን ከውስጥ አስገብተን የቅድዋን ከንፈሮች በላዩ አስተኛናቸው።

ቅድዋ ትኩስ ሳለች ቢሆን ኖሮ ሥራው በዚህ ያበቃ ነበር። አሁን ግን ጠርዞቹ ስለ ተኰማተሩ ከንፈርና ከንፈር አልደረሱም፤ በመካከላቸው የገብስ ቅንጣት የሚያህል ክፍተት ቀረ። ስለዚህ ከላይም ሌላ መጣፊያ አስፈለገ። በከተማው ፈልገን ያገኘነው ሌዘር ደግሞ ከመቀመጫው ሰማያዊ ይልቅ የጠቈረ ነበር። በላዩ ለጠፍነው፤ ጠፍጣፋ እንጨት ጭነን በእንጨቱም ላይ ድንጋይ አስቀምጠን እስከ ማግሥቱ ተውነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ገዳሙ አቅራቢያ በእግራችን ሄድን። በመንገድ ላይ ስለ ብራና ተነጋገርን። ብራና የሚፍቅ ሰው ቢላዋው ስቶት ቆዳውን ሲወጋው፥ ቆዳው በመወጠሪያው ላይ ሲሳብ ትንሽዋ ቀዳዳ እንደ ዐይን ትከፈታለች። ቆዳው እርጥብ ሳለ ከተሰፋች ትዘጋለች፤ ከደረቀ በኋላ ግን አትሰበሰብም። እንዲህ ያለ ገጽ የደረሰው ጸሐፊ ብራናውን አይጥለውም፤ በቀዳዳዪቱ ዙሪያ ቃሉን እየከፈለ ይጽፋል። በጥንት የብራና መጻሕፍት ላይ የተሰፋውን ጠባሳና የተዘለለውን ቀዳዳ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ፋቂው ስቶአል፤ ስሕተቱንም ሰባት መቶ ዓመት ቢያልፍ አንባቢ ያየዋል። ነገር ግን ያልተሸሸገ ስሕተት ስለ ሆነ መጽሐፉን አላበላሸውም። እኛ ከዚያ መጽሐፍ አገር በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ሆነን በጋቢ ሸፍነን ሄድን።

በማግሥቱ እሑድ ድንጋዩን ከማንሣታችን በፊት ወደ ወንድማማቾቹ ቤት ሄድን። ገንዘቡን ለማኅበሩ በሙሉ ከፍለን፥ ከወጣቱ ድርሻ የተቈረጠው እንዲመለስለት አድርገን ነበር፤ ነገር ግን በገንዘብ የማይከፈለው ገና ነበረብን። እናታቸው ምን እንዳመጣን ሳይጠይቁ ቡና አፈሉ። ልጁ ከጓዳው በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አቦሉ ሲቀዳ አንዳችን ጀመረ፥ ሌላችን ፈጸመ፤ ጋቢውንም፥ ጉርሻውንም፥ ሦስቱን ሳምንትም አልደበቅንም። ለታናሽ ልጅ ይቅርታ መጠየቅ በቋንቋችን ቃል ሳይጠፋለት ከእኛ ከመምህራን አፍ ግን በጭንቅ እንደሚወጣ ያን ቀን ተማርን።

ልጁ እኛን አላየንም። ያየው ወንድሙን ነበር። ወንድሙ አቦሉን ሳይጠጣ ስኒውን በእጁ እንደ ያዘ «ውሸታም ብዬህ ነበር» አለ። ልጁም «ብለኸኛል» አለ። ታረቁ ለማለት አንደፍርም፤ እናታቸውም ታረቁ አላሉም። ቶናውን ቀዱና ስለ ዝናብ አወሩ። በረካው ሲጠጣ ግን ልጁ ተነሥቶ «ድንጋዩን አነሣችሁት?» ሲል ጠየቀ። አላነሣንም አልን። «እኔ አነሣዋለሁ» አለና ቀድሞን ወጣ።

ድንጋዩንና እንጨቱን እርሱ አነሣ። መጣፊያውን በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ሁሉ እየተጫነ መረመረ፤ አንዲትም ጠርዝ አልተነሣችም። ከዚያ ራቅ ብሎ ቆሞ አየና «ይታያል» አለ። እውነቱን ነው፤ ጥቁሩ ሰማያዊ በፈዘዘው ሰማያዊ ላይ ከሩቅ ይታያል። ቀለም ብንቀባውስ ብለን አዛውንቱን ብንጠይቃቸው «ተዉት፤ ጠግኜአለሁ የሚል ነገር ለምን ይሸፈናል?» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ለድካማቸው የሰጠናቸውን ገንዘብ ቈጥረው የማስቲሹን ዋጋና የአንድ ጫማ ጥገና ያህል ወስደው የቀረውን መለሱልን።

በመጋቢት ወር እንደ ገና ሄድን። ከተማሪዎቻችን ጥቂቶቹ አብረውን ነበሩ፤ መስተዋት የሰበረውም ልጅ አንዱ ነበር፤ ነገሩን ሁሉ አስቀድመን በክፍል ውስጥ ነግረናቸዋል። ታላቁ ወንድም ይቀዝፋል፥ ታናሹ ውሃ ይቀዳል፤ እርስ በርሳቸውም ብዙ አይነጋገሩም፥ ግን መቅዘፊያውን ወንድሙ ሲያነሣ ታናሹ ሳይጠራ ጐንበስ ይልለታል። ወደ ጀልባዪቱ ስንገባ ታናሹ ልጅ ጥቁሩ መጣፊያ ያለበትን መቀመጫ በእጁ ጠረገና «እናንተ እዚህ ናችሁ» አለን። ሁለታችንም በዚያ ተቀመጥን።

የምሳ ቦርሳችንን ግን በጉልበታችን ላይ አቀፍነው፤ እስክንወርድ ድረስም አላኖርነውም።